ጋዝ በተዳፋት ላይ፦ በደሴ የአንድ ሆቴል የጋዝ መስመር በአጎራባች ቤቶች ላይ የደቀነው ስጋት ግምገማ (የጉዳይ ጥናት)

ይህ የጉዳይ ጥናት የሚመለከተው በደሴ ከተማ ከአስፋልቱ በታች ባለ ተዳፋት ላይ የተሠራ ባለ አራት ፎቅ ሆቴልንና ከሥሩ በእርከን የተደረደሩ የመኖሪያ ግቢዎችን ነው። ሆቴሉ ወጥ ቤቱን ለማስፋትና በጀርባው የሚያስቀምጣቸውን የጋዝ ሲሊንደሮች ከአራት ወደ ስምንት ለማሳደግ ሲነሣ፣ ከታች ያሉት ጎረቤቶች «ከራሳችን በላይ እሳት እየተከመረብን ነው» ሲሉ አቤት አሉ። ነገሩ በሽማግሌ ተይዞ ሁለቱም ወገኖች ባለሙያ እንዲያየው ተስማሙና ግምገማው ለእኔ ተሰጠ። የማንንም ማንነት የሚያሳውቅ ዝርዝር እዚህ አላሰፈርኩም፤ የቦታውን አቀማመጥና የሥራውን ሂደት ግን በዝርዝር አቀርባለሁ። በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ፣ በወልድያም ሆነ በሐይቅ ጋዝ በቱቦ እየሳበ የሚሠራ ሆቴል፣ ዳቦ ቤት ወይም ካፌ ባለበት ሁሉ ተመሳሳይ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርምና።

ከሁለቱም ወገን የቀረበልኝ ጥያቄ አንድ ነበር፦ ጋዙ ከቤቶቹ ስንት ሜትር መራቅ አለበት? ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም በዚህ ቦታ የሜትሩ ቁጥር ብቻውን ማንንም አይጠብቅም፤ ከርቀቱ በፊት መሬቱ ወዴት እንደሚያዘቀዝቅና ውሃው በየት በኩል እንደሚወርድ መታየት አለበት። ከዚህ በታች ያለው ትንተና የሚያጠነጥነው በዚሁ ነጥብ ላይ ነው።

የቦታው አቀማመጥ

ወጥ ቤቱ በሆቴሉ ጀርባ፣ በምድር ወለል ላይ ነው። ከግድግዳው ውጭ በቆርቆሮ የታጠረና የተከደነ ጠባብ ክፍል አለ፤ እያንዳንዳቸው 50 ኪሎ ጋዝ የሚይዙ አራት ሲሊንደሮች በዚያ ቆመው በአንድ የብረት ቱቦ ተገናኝተዋል፤ ቱቦው የጋዙን ግፊት የሚቀንሰውን ሬጉሌተር አልፎ ግድግዳውን በመብሳት ወደ ምድጃዎቹ ይሄዳል። ቆርቆሮው የተመታው ሌባን ለመከላከል ስለሆነ በሩ በቁልፍ ይዘጋል፣ ከላይም ከታችም የአየር መግቢያ የለውም። የሲሚንቶው ወለል ደግሞ የዝናብ ውሃ እንዳይተኛበት ተብሎ ወደ ግቢው ጠርዝ ዘቅዘቅ እንዲል ተደርጓል። ጠርዙን የያዘው ቁመቱ ወደ ሦስት ሜትር ተኩል የሚደርስ የድንጋይ ድጋፍ ግንብ ነው፤ ከግንቡ ሥር የአንድ ሐጂ ግቢ ይጀምራል። በግቢው ውስጥ እሳቸው ከነቤተሰባቸው የሚኖሩበት የብሎኬት ቤትና ግንቡን ተጠግተው የተሠሩ፣ ለኪራይ የሚሰጡ የጭቃ ክፍሎች አሉ።

ከሲሊንደሮቹ እስከ መጀመሪያው የኪራይ ክፍል ያለው ርቀት በአግድም ቢለካ አምስት ሜትር አይሞላም። በግራና በቀኝ ያሉት ሱቆች ከዚያም ይቀርባሉ። ጉዳዩ በሜትር ብቻ የሚፈታ ቢሆን ኖሮ አስቀድመው ሊሰጉ የሚገባቸው ባለሱቆቹ ነበሩ፤ እነሱ ግን አቤቱታውን አልፈረሙም፤ እንደማስበውም ትክክል ነበሩ።

የሆቴሉ ባለቤት ቦታውን ሲያስጎበኙኝ «አብሽር፣ ጋዙ ያለው ከሕንፃው ውጭ ነው፣ ቢያፈተልክም አየር ይዞት ይሄዳል» አሉኝ። ይህን ያሉት ከልባቸው አምነውበት ነው፤ በወጥ ቤቱ ውስጥ ያስተከሉት የጋዝ ጠቋሚ መሣሪያም ኮርኒሱ ሥር ከፍ ብሎ የተሰቀለው በዚሁ እምነት ነው። ወደ ላይ የሚነሣ ጋዝ በእርግጥ አለ፤ እዚህ ያለው ግን እሱ አይደለም።

ከትልልቅ መስመሮች የመጣው ስሌት

የጋዝ ቧንቧ ቢፈነዳ በዙሪያው ያሉ ሕንፃዎች ምን ያህል እንደሚጎዱ ለመገመት በስፋት የሚጠቀሰው ዘዴ የመጣው በከፍተኛ ግፊት ጋዝ ከሚያስተላልፉ ረጃጅም መስመሮች ነው። አሜሪካኖች በደንባቸው ውስጥ ያሰፈሩት ቀመር የመስመሩን ግፊት በፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች)፣ ዲያሜትሩን በኢንች ይወስዳል፤ ግፊቱ በዲያሜትሩ ካሬ ተባዝቶ፣ የብዜቱ ዳግም ዘር በ0.69 ሲባዛ የአደጋው ክበብ ሬዲየስ በጫማ ይገኛል። በዚያ ክበብ ውስጥ የሚገኝ ሕንፃና ሰው በእሳቱ ሙቀት ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል ተብሎ ይታሰባል።

ቀመሩን በእውነተኛ አደጋ ላይ አስቀምጦ ማየት ይጠቅማል። በካሊፎርኒያ ግዛት፣ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተደቡብ በምትገኘው ሳን ብሩኖ ከተማ፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2002 ዓ.ም. ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ላይ በመኖሪያ ሰፈር ሥር የተቀበረ ባለ 30 ኢንች የጋዝ መስመር ተቀደደ። ስምንት ሰዎች ሞቱ፣ 38 ቤቶች ወደሙ፣ ሌሎች 70 ቤቶች ተጎዱ። መስመሩ እ.ኤ.አ. በ1956 የተቀበረ ሲሆን፣ የተቀደደው በብየዳው ላይ ከመጀመሪያው በነበረ ጉድለት ነው። በወቅቱ የነበረው ግፊት 386 ፒኤስአይ ስለነበር ቀመሩ የሚሰጠው ሬዲየስ 124 ሜትር ገደማ ነው፤ የአገሪቱ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ባደረገው ምርመራ ግን የእሳቱ ጉዳት እስከ 600 ጫማ፣ ማለትም ወደ 180 ሜትር ደርሶ ተገኝቷል። ነፋስ ነበር፣ እሳቱም ከቤት ወደ ቤት ይዛመት ነበር፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጋዙን ለመዝጋት 95 ደቂቃ ፈጀ። ከዚህ አደጋ ለራሴ ሥራ የወሰድኩት ይህንን የመጨረሻውን ነጥብ ነው፦ የጉዳቱ ስፋት የሚወሰነው በቱቦው ውፍረትና በግፊቱ ብቻ አይደለም፤ ቫልቩን የሚዘጋው ማን እንደሆነና በስንት ደቂቃ እንደሚዘጋውም ጭምር ነው።

ቀመሩ ራሱ ግን ለደሴው ሆቴል አይሠራም። ከሬጉሌተሩ በኋላ ያለው ቱቦ ባለ አንድ ኢንች ነው፣ ግፊቱም ከግማሽ ፒኤስአይ በታች ነው፤ ቁጥሮቹን በቀመሩ ውስጥ ብናስገባ የአደጋው ሬዲየስ 14 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ይወጣል። ይህን ቁጥር ይዞ «ጎረቤት ላይ ስጋት የለም» የሚል ሪፖርት መጻፍ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ቀመሩ የተሰላው ለተፈጥሮ ጋዝ፣ ያውም ወዲያው ተቀጣጥሎ ለሚንበለበል ጋዝ ነው። የተፈጥሮ ጋዝ ዋና ይዘቱ ሜቴን ሲሆን ክብደቱ ከአየር ግማሽ ያህል ስለሆነ ወደ ላይ ይነሣል። በአገራችን እንዲህ ያለው ጋዝ የሚገኘው በሶማሌ ክልል በካሉብና በሂላላ ነው። ወሎ ውስጥ በሲሊንደር ገብቶ ቡታጋዝ እየተባለ የሚነደው ግን ፕሮፔንና ቡቴን ነው፤ ፕሮፔን ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል፣ ቡቴን ደግሞ ሁለት ጊዜ ያህል ይከብዳል። ስለዚህ ያፈተለከው ጋዝ መሬት ለመሬት ይሄዳል፣ ዝቅ ያለ ቦታ ይፈልጋል፣ ነፋስ በሌለበትም እዚያው ይተኛል።

አንድ ኪሎ ጋዝ ምን ይሞላል?

ጋዙ የሚቀጣጠለው ከአየር ጋር በተወሰነ መጠን ሲቀላቀል ነው፤ ለፕሮፔን ከ2.1 እስከ 9.5 በመቶ፣ ለቡቴን ከ1.8 እስከ 8.4 በመቶ ባለው ክልል ውስጥ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ በዚህም ምክንያት አንድ ኪሎ ጋዝ እዚህ የሚይዘው ቦታ በሲሶ ያህል ይሰፋል። በእኔ ስሌት አንድ ኪሎ ቅልቅል ጋዝ በደሴ አየር ውስጥ ወደ 0.6 ሜትር ኪዩብ ይሆናል፤ ይህም በ2 በመቶ መጠን ሲበተን 30 ሜትር ኪዩብ የሚሆን ተቀጣጣይ አየር ይፈጥራል። ሐጂ ከሚያከራዩዋቸው ክፍሎች አንዱ በግምት ያንን ያህል ነው። ከ50 ኪሎው ሲሊንደር ውስጥ አንዷ ኪሎ ብቻ ወደዚያ ክፍል ብትገባ ክፍሉን ከወለል እስከ ጣራ ለመሙላት ትበቃለች ማለት ነው፤ ጋዙ ወለል ላይ ተነጥፎ ሲተኛ ደግሞ ለፍንዳታ ከዚያም ያነሰ ይበቃል።

ያቺ ኪሎ ለመውጣት ስንት ጊዜ ይፈጅባታል? ከሬጉሌተሩ በፊት ባለው የመስመሩ ክፍል ላይ የሁለት ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ቢፈጠር፣ እንደ ጋዙ ቅልቅልና እንደ ሙቀቱ ከ3 እስከ 7 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ትወጣለች። ከሬጉሌተሩ በኋላ ከሆነ በጣም ይዘገያል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲያፈተልክ ካደረ ግን ውጤቱ ያው ነው።

ውሃው ያሳየው መንገድ

የጋዙን መንገድ ለማወቅ የተጠቀምኩት ቀላል ዘዴ ነው። ነፋስ በሌለበት ሰዓት በቆርቆሮው ክፍል ወለል ላይ ውሃ በባልዲ አስፈሰስኩና እስከ መጨረሻው ተከተልኩት። ውሃው በወለሉ ዝንባሌ እየተመራ ወደ ጠርዙ ሄደ፤ ከዚያ በሲሚንቶው ወለልና በድጋፍ ግንቡ መካከል ባለው ስንጥቅ ገባና ተሰወረ። ወርጄ በሐጂ ግቢ በኩል ስጠብቅ፣ በግንቡ ላይ ከተተዉት የውሃ ማስወጫ ቀዳዳዎች ሦስቱ ቀስ በቀስ ረጠቡ። አንደኛው ቀዳዳ በጉልበት ከፍታ ላይ ሆኖ የሚከፈተው በአንደኛዋ ተከራይ በር አጠገብ ነው፤ ከቀዳዳው በአንድ ክንድ ርቀት የከሰል ምድጃዋ፣ ረከቦቷና ጀበናዋ ነበሩ።

ጋዝ ውሃ በሄደበት ብቻ ይሄዳል አልልም፤ ነፋስ ይበትነዋል፣ ቀንም ፀሐይ የሞቀው አየር ያንቀሳቅሰዋል። ይሁን እንጂ በደሴ ብርድ፣ አየሩ ጸጥ ባለበት ሌሊት፣ ከአየር የሚከብድ ጋዝ ከተዘጋ የቆርቆሮ ክፍል ወጥቶ የሚመርጠው መንገድ ይህ ነው። ግንቡን የሠሩት ባለሙያዎች ቀዳዳዎቹን መተዋቸው ትክክል ነበር፤ የክረምቱ ውሃ ከኋላ ተጠራቅሞ ግንቡን እንዳይገፋው ያስፈልጋሉ። መሬቱ በሚንሸራተትበት በደሴ ማንም እነዚያን ቀዳዳዎች ይድፈን ብሎ ሊመክር አይገባም።

ተከራይዋን ሳነጋግር «ማታ ማታ የበሰበሰ ሽንኩርት የመሰለ ነገር ይሸተኛል፤ ከቦዩ ነው ብዬ ትቼው ነው» አለችኝ። የወጥ ቤት ሠራተኞቹም ሲሊንደር የሚቀይሩት ብዙውን ጊዜ ከእራት በኋላ መሆኑን ነገሩኝ። ሁለቱ ቃሎች ይገጥማሉ። ጋዙ እንዲሸት የሚጨመርበት ቅመም መጠኑ ከሚቀጣጠልበት ዝቅተኛ ልክ አንድ አምስተኛ ሲደርስ እንዲታወቅ ታስቦ የተለካ ስለሆነ፣ መሽተቱ ብቻውን ክፍሏ ሊፈነዳ ነበር ለማለት አያበቃም። ነገር ግን መንገዱ ክፍት መሆኑን ከውሃው በተሻለ ያረጋግጣል። ዕጣን በሚጨስበትና ቡና በሚቆላበት ቤት ውስጥ ደግሞ ይህ ሽታ በቀላሉ እንደሚሸፈን መዘንጋት የለበትም።

የሚያቀጣጥለውን መፈለግ አላስቸገረም። ከሰሉን ትተን እንኳ፣ በግቢው ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድና አሮጌ ፍሪጅ አሉ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ፍሪጁ የሚነሣበት ማብሪያ ይፈነጥቃል፤ ፍንጣቂው የሚገኘው ደግሞ ከፍሪጁ ጀርባ፣ ወለሉ አጠገብ፣ ልክ ጋዙ በሚተኛበት ከፍታ ላይ ነው። ሰው ተኝቶ ሳለ ማንም ምንም ሳይነካ ይህ ሊሆን ይችላል።

ሕንፃዎቹ ቢመቱ

በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚፈነዳ ጋዝ ግድግዳና ጣራ ካላስተነፈሱት በስተቀር ግፊቱ እስከ ስምንት ባር (800 ኪሎ ፓስካል) ሊደርስ ይችላል። ተራ ሕንፃ ግን ከዚያ በጣም ባነሰ ግፊት ይሸነፋል፦ ወደ 7 ኪሎ ፓስካል ሲደርስ መስኮት ይረግፋል፣ ቤትም በከፊል ይፈርሳል፤ ብረት የሌለው የብሎኬት ግድግዳ ከ14 እስከ 21 ኪሎ ፓስካል ባለው ውስጥ ይበታተናል። የጭቃው ክፍል ቆርቆሮ ጣራ ቀላል ስለሆነ ቶሎ ተነቅሎ ግፊቱን ያስተነፍሳል፤ ይህ ለአጎራባች ክፍሎች ጥቂት ይጠቅማል፣ በክፍሉ ውስጥ ላለ ሰው ግን ምንም አያደርግለትም። ለሐጂ ቤት የምሰጋው በመስኮቶቹና ወደ ግንቡ በዞረው ግድግዳ ነው።

ሆቴሉን በተመለከተ የለንደኑን ሮናን ፖይንት ማስታወስ ግድ ነው። ግንቦት 8 ቀን 1960 ዓ.ም. ማለዳ፣ በዚህ ባለ 22 ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃ 18ኛ ፎቅ ላይ፣ የምድጃውን የጋዝ መስመር የሚያገናኝ አንድ ጉድለት ያለበት ዳዶ ያሳለፈው ጋዝ ፈነዳ። ፍንዳታው ራሱ ያን ያህል ከባድ አልነበረም፤ ነገር ግን ሕንፃው የተሠራው በፋብሪካ ተመርተው በተደራረቡ የኮንክሪት ግድግዳዎች ስለነበር አንዱ ግድግዳ ሲወጣ የላይኞቹ ድጋፍ አጡ፣ ማዕዘኑ በሙሉ ተናደ። አራት ሰዎች ሞቱ፣ 17 ቆሰሉ። ከዚያ በኋላ እንግሊዞች እንዲህ ያለውን ሕንፃ የሚሸከሙ ዋና ዋና አካላት 34 ኪሎ ፓስካል እንዲቋቋሙ ደነገጉ። የደሴው ሆቴል በዓምድና በተሸካሚ ኮንክሪት የቆመ፣ ግድግዳው በብሎኬት የተሞላ ነው፤ ብሎኬቱ ቀድሞ ስለሚወጣ ዓምዶቹ ይተርፋሉ ብዬ እገምታለሁ። ይህ የሕንፃው ዕድል ነው፤ በግድግዳው ማዶ ላለው ሰው ግን የሚወጣው ብሎኬት ራሱ አደጋ ነው።

የትኛው ይቀድማል?

ሰው ሁሉ የሚፈራው ሲሊንደሩ ራሱ በእሳት ተከብቦ እንዳይፈነዳ ነው። ይህ ቢሆን 50 ኪሎ ጋዝ የሚፈጥረው የእሳት ኳስ ስፋቱ 21 ሜትር ገደማ ይሆናል፣ ሱቆቹንም ሐጂንም ይደርሳል። ስጋቱ እውነተኛ ነው፤ ሆኖም እንዲደርስ ሲሊንደሩ ለረዘመ ጊዜ በነበልባል መበላት አለበት፤ በአካባቢው የሚነድ ነገር እንዳይከማች በማድረግና ሲሊንደሮቹን ባለመደራረብ በብዙ ይቀንሳል። እኔ አስቀድሜ ያሰፈርኩት ብዙም የማይታየውን ነው፦ ሲሊንደር ሲቀየር የሚፈታውና የሚታሰረው ማያያዣ፣ ያረጀው ጎማና የላላው ፋሸታ፣ እንዲሁም ቱቦው ግድግዳውን የሚበሳበት ቦታ። በዚያ ቦታ ቱቦው ማቀፊያ ሳይደረግለት በሲሚንቶ ተይዟል፤ ግንቡ በክረምት ትንሽ ቢገፋ ወለሉን ይስባል፣ ወለሉም ቱቦውን። በሳሙና አረፋ ስፈትሽ ከአራቱ ማያያዣዎች አንዱ አረፋ ሠራ፤ የወጥ ቤቱ ኃላፊ ወዲያው ሲሊንደሩን ዘግተው አስጠገኑት።

ምክሬ ከርቀት አልተነሣም። ሲሊንደሮቹ ከግንቡ ጠርዝ ተነሥተው ልብስ ወደሚሰጣበት የጎን ግቢ እንዲዛወሩ፣ ወለሉም ከግንቡ በተቃራኒ ወደ ክፍቱ ሜዳ እንዲያዘቀዝቅ ጠየቅኩ። ቆርቆሮው በሽቦ አጥር ይተካ፤ ሌባም ይከለከላል፣ አየርም ያልፋል። በወለሉና በግንቡ መካከል ያለው ስንጥቅ ይደፈን፤ የግንቡ ቀዳዳዎች ግን ሳይዘጉ በአንድ ቱቦ ተሰብስበው፣ አንገቱ ላይ ውሃ ይዞ ጋዝ እንዳያልፍ በሚከለክል መታጠፊያ በኩል ከኪራይ ክፍሎቹ ርቀው ይውጡ። መታጠፊያው በበጋ ስለሚደርቅ ውሃ የሚጨምርለት ሰው መመደብ አለበት፤ ያለዚያ ባዶ ቱቦ ነው። ፍሰቱ ከልክ ሲያልፍ ራሱ የሚዘጋ ቫልቭ በእያንዳንዱ ሲሊንደር ላይ እንዲገባ፣ ከወጥ ቤቱ በር ውጭም በእጅ የሚዘጋ ዋና ቫልቭ እንዲተከል፣ ጠቋሚው መሣሪያ ከኮርኒስ ወርዶ ከወለሉ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ እንዲሰቀልና መብራት ሲጠፋ በባትሪ እንዲሠራ አሳሰብኩ።

በቁጥሩ ላይ ተከራከርን። ባለቤቱ ስምንቱን የፈለጉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በሠርግ ወቅት መብራት ቢጠፋባቸው ድግሱን የሚያወጣላቸው ጋዙ ነው። እኔ ግን ስምንቱ በአንድ ቱቦ ላይ ከተያያዙ አንዱ ማያያዣ ሲለቅ የስምንቱም ጋዝ በዚያ በኩል ሊወጣ እንደሚችል አስረዳሁ። በመጨረሻ የተያያዙት አራት ሆነው እንዲቀሩና ሙሉ ሲሊንደር በመጠባበቂያነት በግቢው እንዳይከማች፣ አቅራቢው በሳምንት ሁለት ጊዜ እንዲያመጣ ተስማማን። ሲሊንደር የሚቀየረውም በቀን ብርሃን ብቻ እንዲሆን ተወሰነ፤ ይህ ምንም ወጪ የለውም፣ ለተከራይዋ ግን ከሁሉም ፈጥኖ የሚደርስላት ይህ ነው።

ሪፖርቱን ባስረከብኩ ጊዜ ሲሊንደሮቹ ተዛውረው፣ ቆርቆሮው ተነቅሎ፣ ጠቋሚው ወርዶ ነበር። ራሳቸው የሚዘጉት ቫልቮች ታዝዘው እየተጠበቁ ነው። የግንቡ ቀዳዳዎች ሥራ አልተጀመረም፤ ወጪውን ሆቴሉ ይሸፍን ወይስ ሁለቱ ይካፈሉ የሚለው ገና በሽማግሌዎቹ እጅ ነው፤ እኔ ጋዙን ያመጣው ወገን ይሸፍን ብዬ በጽሑፍ አስፍሬያለሁ። እስከዚያው ድረስ ሐጂ ግንቡን የተጠጋውን የመጀመሪያ ክፍል ለመኝታ ላለማከራየት ቃል ገብተው፣ ተከራይዋን በግቢው ማዶ ወዳለው ክፍል በዚያው ኪራይ አዛውረዋታል። የግንቡና የቱቦው መገናኛ ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ በመስከረም እንደገና ይፈተሻል።